መግፋት ምት ያባክናል? በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ውጊያ የሚባለውና እውነታው

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚጫወቱ ሰዎች ለጀማሪ ቶሎ የሚሰጡት ምክር አለ፤ ጠላትን ከመግፋት መምታት ይሻላል የሚል። በቅን ልቦና የሚሰጥ ምክር ቢሆንም የጨዋታውን ግማሽ ውበት ይሰርቃል። እዚህ የምናየው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትምና የ2024 ማሻሻያውን ነው።

ተረት፦ መግፋት ምት ያባክናል።

እውነታ፦ የሚያባክነው ጠላት ወዴት እንደሚገፋ ሳይታይ ሲቀር ነው። አንዷ ተጫዋች ድሩይድ ሆና ስፓይክ ግሮውዝ የተባለውን አስማት መሬት ላይ ጣለች እንበል። ከመሀሉ እስከ ዳሩ 20 ጫማ የሆነ ክብ ቦታ በእሾህ ይሞላል፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ፍጡር ለእያንዳንዱ 5 ጫማ ሁለት ባለ 4 ገጽ ዳይስ ተጥለው የሚወጣውን ያህል ይጎዳል። ደንቡ በራሱ እግር የሄደውንና ተገፍቶ የሄደውን አይለይም። አጠገቧ ያለው ዎርሎክ የተባለ አስማተኛ ደግሞ ሪፔሊንግ ብላስት የሚባለውን ችሎታ ከያዘ፣ ኤልድሪች ብላስት የሚባለው አስማቱ ጨረር ጠላትን በመታ ቁጥር 10 ጫማ ሊያርቀው ይችላል። ከ5ኛ ደረጃ ጀምሮ ጨረሮቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም መትተው ጠላት 20 ጫማ በእሾህ ላይ ከተገፋ፣ ጨረሮቹ በአማካይ 11 ነጥብ ሲጎዱት እሾሁ 20 ይጨምርበታል። ጨረሩ አንዴ ከመታው፣ ላለመገፋት ዳይስ የመጣል ዕድል እንኳ የለውም። ይህን ያህል ጉዳት አንዳቸውም ለብቻቸው አያመጡትም፤ ተመካክረው ሲጫወቱ ግን ይመጣል። መግፋትን የምወደውም በዚህ ነው፤ ተጫዋቾችን የሌላውን ተራ እንዲያዩ ያስገድዳል።

ሁሉም አስማት ግን እንዲህ አይሠራም። ቡሚንግ ብሌድ ተጨማሪ ጉዳት የሚያደርሰው ጠላት በፈቃዱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ጠላት መግፋት ትርፍ የለውም። እያንዳንዱን አስማት ከመጽሐፉ ማንበብ ያስፈልጋል።

ተረት፦ የተገፋ ጠላት በጓደኞቻችን አጠገብ ሲያልፍ ነጻ ምት ይቀምሳል።

እውነታ፦ አይቀምስም። ኦፖርቹኒቲ አታክ የሚባለው፣ ጠላት ከአጠገብ ሲሸሽ የሚሰነዘረው ምት፣ የሚመጣው ጠላት በራሱ እንቅስቃሴ፣ በራሱ ድርጊት ወይም በራሱ ምላሽ ከሄደ ነው። በፍንዳታ የተወረወረ ሰው ከሦስቱ አንዱንም አልተጠቀመም። እምነቱ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በ3.5ኛው እትም ደንብ ተገፍቶ የሚሄድ ሰው በእርግጥ በሌሎች ይመታ ነበር። በአሁኑ ደንብ ነጻ ምቱን የሚፈልግ ቡድን ዲሶናንት ዊስፐርስን ይሞክር፤ የተጠቂው ጆሮ ውስጥ የሚንሾካሾከው ይህ አስማት በራሱ ምላሽና በራሱ እግር እንዲሸሽ ስለሚያስገድደው፣ በመንገዱ ያሉት ሁሉ ሊመቱት ይችላሉ።

ተረት፦ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ጠላት ከተገፋ አለቀለት።

እውነታ፦ መውደቅ በየ10 ጫማው የሚጎዳው በአንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነው፤ ከ20 ዳይስም አያልፍም። 30 ጫማ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ጠላት በአማካይ 10 ነጥብ ገደማ ይጎዳል፤ ጠንካራ ጠላት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ትልቁ ኪሳራው ጊዜ ነው። ፍጥነቱ 30 ጫማ ከሆነ፣ ከወደቀበት ለመነሳት ግማሹን ይከፍላል፤ ግድግዳ ሲወጣም እያንዳንዷ ጫማ እጥፍ ታስከፍለዋለች። መምታቱን ትቶ በሩጫ ቢሞክር እንኳ በዚያ ተራ የሚወጣው 22 ጫማ ያህል ነው። ቡድኑ ያንን ተራ በሙሉ የቀሩትን ጠላቶች ለመጨረስ ያውለዋል።

ዘንዶን በትከሻ ገፍቶ መጣልስ? ተራ ግፊት የሚሠራው ከገፊው ቢበዛ በአንድ የመጠን ደረጃ በሚበልጥ ፍጡር ላይ ስለሆነ፣ ሰው ግዙፍ ዘንዶን አይገፋም።

ተረት፦ የራስን ጓደኛ መግፋት ስህተት ነው።

እውነታ፦ ትልቅ እባብ የጠመጠመውን ጓደኛ ለማስለቀቅ ከእባቡ ጋር ጉልበት መፈተሽ ግዴታ አይደለም። ጓደኛው፣ የያዘው ፍጡር ሊደርስበት ከሚችለው ርቀት ከወጣ መያዙ ያበቃል። በ2024 ደንብ ደግሞ ተገፊው ላለመቋቋም ሊመርጥ ስለሚችል፣ የ5 ጫማ ግፊት ያለ ምንም ጉዳት ሊያስለቅቀው ይችላል፤ እባቡ የሚደርሰው እስከ 5 ጫማ ብቻ ከሆነ። ግፊቱ ግን ሁልጊዜ ከገፊው ወደ ውጭ ነው። ስለዚህ አዳኙ መቆም ያለበት ከእባቡ በኩል ነው፤ ከጓደኛው ጀርባ ሆኖ ቢገፋ መልሶ ወደ እባቡ ይሰደዋል።