ነቀዝን በኪኒን ወይስ በዘይት?

በክረምት የጎታዋን አፍ ከፍታ እህል የምትሰፍር የቤት እመቤት በመጀመሪያ የሚያገኛት የታፈነ ሽታ ነው። ቀጥሎ በመዳፏ ላይ የሚቀረው ዱቄት፥ በዱቄቱም መካከል የሚርመሰመሰው ነቀዝ ነው። ለሰበታ፥ ለቡራዩና ለሱሉልታ እናቶች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የተለወጠው የቤቱ ሁኔታ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የኪራይ ክፍል የበዛባቸው በመሆናቸው፥ ቀድሞ በጓሮ ጎተራ ይቀመጥ የነበረው እህል ዛሬ በብዙ ቤት በማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ ከአልጋው ራስጌ ይደረደራል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ነቀዝ ያስመረራት እናት ከገበያ «የነቀዝ ኪኒን» ገዝታ ከከረጢቱ ውስጥ ትጨምራለች። ይህ ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፥ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሦስት ግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ አንድ ግራም ጋዝ ትሰጣለች። የተሠራው ለታሸገ መጋዘንና ለሠለጠነ ባለሙያ እንጂ ሕፃን ለሚተኛበት ክፍል አይደለም። ራስ ምታት፥ ማስመለስና የደረት መጨነቅ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው፤ ማርከሻም የለውም። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ይመስላል ቢባልም ሁልጊዜ ስለማይሸት «ካልሸተተኝ ደኅና ነኝ» ማለት አይቻልም። ምልክቱ የታየበትን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

ታዲያ በምን እንተካው? መልሱ እንደ እህሉ ዓይነት ይለያያል። የሽምብራ፥ የምስርና የአደንጓሬ ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው በፍሬው ላይ ነው፤ በተለይ በሽምብራ ላይ ልብ ብላችሁ ብታዩ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ተለጥፎ ይታያል። ፍሬው በምግብ ዘይት ሲታሽ ዘይቱ እንቁላሉን ሸፍኖ አየር ስለሚያሳጣው አብዛኛው ሳይፈለፈል ይሞታል። መጠኑም ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ፥ ይኸውም አምስት ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የኑግ ወይም የለውዝ ዘይት ይሆናል። ዋናው ነገር ሁሉም ፍሬ እስኪወዛ ድረስ በደንብ ማሸት ነው። ለዘር የሚቀመጠውን ግን ብቅለቱን ሊቀንስ ስለሚችል በዘይት አለማሸት ይመረጣል።

የበቆሎና የስንዴ ነቀዝ ነገር ሌላ ነው። እንስቷ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ከውስጥ ካስቀመጠች በኋላ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ስለዚህ በጅማ ወይም በአምቦ መንገድ ከሞቃት አገር የመጣ በቆሎ፥ ከላይ ንጹሕ መስሎ ነቀዙን በሆዱ ይዞ ሊገባ ይችላል። ብርድ እድገቱን ያዘገየዋል፤ የሱሉልታ ነቀዝ ከሰበታው ይልቅ ሰነፍ ነው ቢባል ቀልድ ብቻ አይደለም። ጤፍ ደግሞ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ለነቀዝ ማደሪያ አይበቃም።

ለበቆሎና ለስንዴ አያቶቻችን አመድ ይደባልቁ ነበር። ይህ ልማድ መሠረት ያለው ነው። ነቀዝ ውኃውን የሚጠብቅለት እንደ ሰም ያለ ስስ ሽፋን በሰውነቱ ላይ አለው። ደቃቅ ዱቄት ይህን ሽፋን ሲፍቀውና ሲመጠው ነቀዙ ደርቆ ይሞታል። ሆኖም አመድ በብዛት ካልተደባለቀ አይሠራም። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተመረመሩ ሁለት የኢትዮጵያ ዱቄቶች በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። አንደኛው የአሉሚኒየም ሰልፌት ፋብሪካ፥ ሁለተኛው የሳሙና ፋብሪካ ተረፈ ምርት ሲሆን፥ ሁለቱም በስንዴ ላይ ተሞክረው ነቀዝ የሚገድሉ ሆነው ተገኝተዋል።

ዛሬ በሳይንስ ዓለም «ናኖ» የሚባለው ነገር ይህንኑ ወደ ባሰ ደቃቅነት የሚወስድ ነው። አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አሸዋ የተሠራበት ሲሊካ በዚህ መጠን ሲደቅ የነቀዙን ሽፋን አብልጦ ያጠቃል። ሌላው ጥቅሙ ለዘይት ነው። በእንጦጦና በሱሉልታ ኮረብታ የሞላው ባሕር ዛፍ ከቅጠሉ የሚወጣው ዘይት ሽታው ነቀዝን ይገድላል፤ ችግሩ ቶሎ ተንኖ ማለቁ ነው። ተመራማሪዎች ዘይቱን በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ልባሶች ውስጥ አድርገው ቀስ እያለ እንዲወጣ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። በቤት ቅጠል ቀቅሎ ይህን ማግኘት አይቻልም።

ሆኖም እንዲህ የደቀቀ ዱቄት ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል፥ ደኅንነቱ ተመርምሮና ተፈቅዶ ካልቀረበ በስተቀር ከማንም እጅ ገዝቶ ከእህል ጋር መቀላቀል አይገባም። እስከዚያው ጥራጥሬውን በዘይት አሽቶ፥ በቆሎውን ጥቂት ጥቂት እየገዙ በደንብ አድርቆና አበጥሮ፥ ክዳኑ አየር በማያስገባ በርሜል ማስቀመጥ ይሻላል። አሮጌው እህል ሳያልቅና በርሜሉ ሳይጠረግ አዲሱን ከላዩ መጨመርም ነቀዙን ከአምና ወደ ዘንድሮ ማሻገር ነው። በዘይት የታሸውን ምስር ከመቀቀል በፊት በለብታ ውኃ ማጠብ ይበቃል።