«ልዩ ሁኔታው ደንቡን ያረጋግጣል»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል



ለዛሬ የመረጥሁት እንግሊዞች «ዚ ኤክሴፕሽን ፕሩቭስ ዘ ሩል» የሚሉትን አባባል ነው፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ልዩ ሁኔታው ደንቡን ያረጋግጣል» እንደ ማለት ነው። የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በፈታኝነት በተቀመጥሁበት አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ፣ ተማሪው መላ ምቱን የሚያፈርስ ማስረጃ ራሱ ካቀረበ በኋላ ይህን አባባል ጽፎ አለፈው። እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰጎን መብረር አለመቻሏ «ወፍ ሁሉ ይበርራል» የሚለውን ያፈርሰዋል እንጂ አያጸናውም። ታዲያ አባባሉ ከንቱ ነውን? አይደለም፤ መነሻው ሥነ ፍጥረት ሳይሆን ሕግ ነው። በላቲን ሙሉው ቃል «ልዩ ሁኔታው፣ በልዩነት ባልተጠቀሱት ጉዳዮች ላይ ደንቡን ያረጋግጣል» የሚል ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር የቀረው ይህ የመካከሉ ሐረግ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ያለው እዚያው ላይ ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ56 ዓመት ሲሴሮ ለባልቡስ ጥብቅና ቆሞ ነበር። ባልቡስ የጋዴስ፣ የዛሬዋ የስፔን ከተማ የካዲዝ ተወላጅ ሲሆን፣ የሮማ ዜግነት ያገኘው ከጦር አለቃው ከፖምፔ ነው። ሲሴሮ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ ሮማ ከአንዳንድ ሕዝቦች ጋር ያደረገቻቸው ውሎች ከእነርሱ ማንም ዜጋ እንዳይሆን በግልጽ ይከለክላሉ፤ እንዲህ ያለ ክልከላ በሌለበት ውል ግን ዜግነት መስጠት የተፈቀደ ነው። ባልቡስም በነጻ ተሰናበተ።

ከቤተ መጻሕፍት በር ላይ «እሑድ ዝግ ነው» የሚል ማስታወቂያ ብናነብ፣ በሌሎቹ ቀናት ክፍት መሆኑን ማንም ሳይነግረን እንረዳለን። የእኛው «በስተቀር» የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ፕሩቭ» እዚህ ላይ «መፈተን» ማለት ነው የሚሉ አሉ። ግሱ ይህ የቆየ ትርጉም አለው፤ ነገር ግን ደንቡ «ባልተጠቀሱት ጉዳዮች ላይ» እንዴት ይፈተናል? እኔ አልቀበለውም።

ወደ ተማሪው ልመለስ። በውልም ሆነ በማስታወቂያ ልዩ ሁኔታውን የሚደነግገው ደንቡን ያወጣው አካል ራሱ ነው። የተማሪው ማስረጃ ግን ማንም የደነገገው አልነበረም፤ ከመስክ የተገኘ ነበር። ያኔ ልጠይቀው የሚገባኝም ይህን ነበር፦ «ይህን ልዩ ሁኔታ ያወጣው ማን ነው?»