«ሥራዎ ምንድን ነው?»፦ የሠፈር ሐኪሞች ሊማሩት የሚገባ ጥያቄ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። በስደት አገር ወደ ሐኪም የሚሄደው ወገን ግን ብዙውን ጊዜ የሚደብቀው በሽታውን ሳይሆን ሥራውን ነው። አገር ቤት መምህር ወይም የሂሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና እንደሚያቆም መናገር ይከብደዋል። ሌላው ደግሞ ወሬው አሠሪው ጆሮ ደርሶ ከሥራ እንዳይባረር ይፈራል። ሐኪሙም በበኩሉ አይጠይቅም። በዚህ መካከል በሽታው ሌላ ስም ተሰጥቶት ይታከማል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሐኪም ለሕመምተኛው ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው እንዲጨመር መክረው ነበር። ከ3 መቶ ዓመታት በኋላም ምክሩ በሚገባ ሥራ ላይ አልዋለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በተደረገ አንድ ጥናት፣ ትምህርቱን በሚሰጡት የሕክምና ትምህርት ቤቶች እንኳ በሥራ ሳቢያ ስለሚመጡ በሽታዎች የሚሰጠው ትምህርት በ4ቱ ዓመታት ውስጥ በአማካይ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሐኪሞች ጥቂቶች ናቸው። ስደተኛውን በመጀመሪያ የሚያየው የሠፈሩ ክሊኒክ ሐኪም ነው። ስለዚህ መሠረታዊው ሥልጠና ለእርሱ መድረስ አለበት።

ሳይጠየቅ ሲቀር

የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን እንደሆነ በካሊፎርኒያ ታይቷል። ለማድ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን ሰው ሠራሽ ድንጋይ የሚቆርጡ ሠራተኞች ሲሊካ የተባለውን ደቃቅ አቧራ እየሳቡ ሳንባቸው ይጠጥራል። ሕመሙ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት ከተመዘገቡት 52 ሕመምተኞች መካከል 51ዱ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታቸው በወቅቱ አልታወቀም፤ አንዳንዶቹም የሳንባ ምች ወይም የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብለው ነበር። 10ሩ ሞተዋል።

በአንጻሩ፣ የጠየቀ ሐኪም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳዩት ዶክተር ኧርቪንግ ሴሊኮፍ ናቸው። በኒው ጀርሲ ግዛት በፓተርሰን ከተማ ከፍተውት ወደነበረው ክሊኒክ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኞች ይመጡ ነበር። እርሳቸውም የሕመምተኞቻቸውን ሳንባና ሥራ አያይዘው ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት አስቤስቶስ ለካንሰር እንደሚዳርግ ለዓለም ካስረዱት ዋና ዋና ማስረጃዎች አንዱ ሆነ።

ሥልጠናው ምን ያስተምራል?

ሐኪሙን የፋብሪካ መሐንዲስ አያደርገውም። 5 ጥያቄዎችን መልመድ በቂ መነሻ ነው፦ ሥራዎ ምንድን ነው? እንዴት ነው የሚሠሩት? ምን ዓይነት ጭስ፣ አቧራ ወይም ኬሚካል ያገኝዎታል? የሥራ ባልደረቦችዎም ታመዋል ወይ? በዕረፍት ቀንዎ ይሻልዎታል ወይ?

የብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ የሆነውን ፓርኪንግ እንውሰድ። በምድር ቤት ጋራዥ የመኪና ጭስ ሲታፈን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ስለሚያስከትል ከጉንፋን ጋር ይምታታል፤ ትኩሳት ግን የለውም። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያም አይለየውም፤ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ሰውየው ንጹሕ አየር ካገኘ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በዕረፍቱ ቀን የሚመረመር ሠራተኛ «ደህና ነህ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የሠለጠነ ሐኪም ግን ሰዓቱን ይጠይቃል።

በሆቴል ክፍል የሚያጸዱ እህቶችም እንዲሁ ናቸው። በረኪና አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ሳሉ የወቅት አለርጂ ተብሎ መድኃኒት ቢታዘዝለትም፣ ሠራተኛዋ ነገም ወደዚያው ክፍል ትመለሳለች።

የሠራተኛው ድርሻ

ሐኪሙ ሁሉን አውቆ ላይጨርስ ይችላል፤ ወዴት እንደሚልክ ግን ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የሥራና የአካባቢ ጤና ክሊኒኮች ማኅበር እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን የሚቀበሉ ክሊኒኮችን ያሰባስባል። የማኅበረሰብ ማኅበራትና ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ለየሠፈሩ ክሊኒክ የግማሽ ቀን ሥልጠና ቢያዘጋጁ ብዙ ወገን ይጠቀማል።

ሕመምተኛውም የሚያደርገው አለ። የሚሠራበትን ኬሚካል ስም ከዕቃው ላይ ገልብጦ ይዞ ይሂድ። ሕመሙ የሚነሳበትንና የሚተውበትን ሰዓት ይመዝግብ። ልጁን አስተርጓሚ ከማድረግ ይልቅ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ ተቀጣሪ ሠራተኛ ስሙ ሳይገለጽ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በዚህ ምክንያት ከሥራ የተባረረ ሰው ግን በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ ሊያመልጠው ይችላል።

ላብን አፍስሶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የሚያፍርበት ሥራ የለም። «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ሲገኝ መልሱ ሙሉና እውነተኛ ይሁን። ሐኪሙ ካልጠየቀ ደግሞ ሳይጠየቁ መናገር ነው።