ወንበሩ ለ2 ዓመት፣ ውሉ ለዘመን

በዋሽንግተን ዲሲ ምርጫ ባለበት ዓመት፣ ከመስከረም አንሥቶ የሰፈር ዕጩዎች በራሪ ወረቀት በየምግብ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ይከማቻል። ሥራዬ ለሐበሻ ምግብ ቤቶችና ባሮች የፈቃድ ጉዳይ መከታተል ስለሆነ ደንበኞቼ ወረቀቱን እያመጡ «ይኼኛው ለኛ ጥሩ ነው ወይ?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ዕጩው ለእኛ ያለውን ፍቅር ከመመርመሬ በፊት የሚወዳደርበት ወንበር ምን እንደሚያስችለው አያለሁ። ወረቀቱ ላይ ከሰፈረው ውስጥ አቋሙና ምኞቱ የሚለይልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የማወራው ስለ ከንቲባ ወይም ስለ ከተማው ምክር ቤት አይደለም። ኤ.ኤን.ሲ. ስለምንለው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው። መሠረቱ ኮንግረስ በ1973 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከተማዋ ራሷን እንድታስተዳድር የፈቀደበት ሕግ ነው። ዛሬ በየሰፈሩ ኮሚሽኖች ውስጥ በጠቅላላ 345 ኮሚሽነሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 ሰው የሚኖርበትን ጠባብ ቀጣና ይወክላሉ። ደመወዝ የላቸውም። በፓርቲ ስም አይወዳደሩም። የሥራ ዘመናቸው 2 ዓመት ሲሆን ለዕጩነት የሚጠየቁት በቀጣናው የተመዘገቡ የ25 መራጮች ፊርማ ነው። ብዙ ቦታ አንድ ዕጩ ብቻውን ቀርቦ ያልፋል፤ ማንም ያልቀረበበት ቀጣና ላይ ደግሞ መራጮች ስሙን በእጃቸው የጻፉለት ሰው ኮሚሽነር ሆኖ ያድራል።

ይህን የሰማ ሰው ወንበሩን ቢንቅ አይፈረድበትም። «አማካሪ» የሚለው ስሙም አያግዘውም። ነገር ግን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ኮሚሽኑ በጽሑፍ ለሚያቀርበው ሐሳብ ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ክብደት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1977 ነበር፤ ጉዳዩም የመጠጥ ፈቃድ ጉዳይ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ኮሚሽኑ ያነሣቸውን ስጋቶች አንድ በአንድ ጠቅሶ፣ የተቀበለውን ለምን እንደተቀበለ፣ ያልተቀበለውንም ለምን እንዳልተቀበለ መጻፍ አለበት ተባለ። ሐሳቡን የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን አይችልም። ይህን ክብደት የሚያገኘው በሕዝብ ፊት በተጠራ ስብሰባ፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ በድምፅ የጸደቀ ጽሑፍ እንጂ አንድ ኮሚሽነር በስልክ የሚናገረው ቃል አይደለም።

በዚህ ዓይን ወረቀቱን እናንብበው። አንዲት እትዬ የምላቸው ደንበኛዬ ያመጡልኝ በራሪ ወረቀት ወንጀልን፣ የቤት ኪራይን፣ አይጥን፣ የሌሊት ጩኸትንና ፓርኪንግን ደርድሮ ነበር። «ተጨማሪ ፖሊስ አመጣለሁ» የሚለውን አልፌው ሄድኩ፤ ፖሊስ የሚመደበው በከንቲባው አስተዳደር ነው። ኮሚሽነር የጠፋ የመንገድ መብራት እስኪበራ መወትወት ይችላል፤ ያንን ቢጽፍ ኖሮ አምነው ነበር። ኪራይ አወርዳለሁ ማለትም እንደዚያው ነው፤ የኪራይ ቁጥጥር ሕግ የምክር ቤቱ ነው። አንድ ባለሀብት ትልቅ ሕንፃ ለመሥራት ዞኒንግ ኮሚሽን ፊት ሲቀርብ ግን ኤ.ኤን.ሲ. ስንቱ አፓርታማ በዝቅተኛ ዋጋ ይቅረብ ብሎ መደራደር ይችላል። እዚያ ላይ ምን እንደሚል ዕጩውን መጠየቅ ይገባል። የእኛዎቹ ባለቤቶች በየስብሰባው የሚያነሡት የአስተናጋጆች ቲፕና ደመወዝ ደግሞ፣ በ2022 ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ የሰጠበትና ምክር ቤቱ እጁን የሚያስገባበት ነው። የሰፈር ኮሚሽነር በዚያ ላይ የሚፈይደው እምብዛም ነው።

የእኛ ኑሮ የሚወሰነው በወረቀቱ መጨረሻ ላይ ባሉት ነገሮች ነው፦ በአይጥ፣ በጩኸትና በፓርኪንግ።

አንድ ሰው የመጠጥ ፈቃድ ሲያመለክት በቤቱ መስኮት ላይ ማስታወቂያ ይለጠፍና 45 ቀን ይጠበቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኮሚሽኑ ተቃውሞ ማስገባት ይችላል፤ የሰፈሩ ጸጥታ ይታወካል፣ ፓርኪንግ ይጠባል፣ የንብረት ዋጋ ይወርዳል ብሎ። ተቃውሞ ከገባ ሽምግልና አለ፤ ሽምግልናው ካልያዘ ችሎት ይከተላል፤ ወራት ይነጉዳሉ። ባለቤቱ በእነዚያ ወራት ሁሉ ላልከፈተው ቤት ኪራይ ይከፍላል፣ የዕቃ ዕዳ ይከፍላል፣ የቀጠረው ሼፍ ሌላ ቦታ ይሄድበታል። በዚህ መሐል ኮሚሽኑ «እንስማማ» ብሎ ውል ያቀርብለታል፤ ሴትልመንት አግሪመንት የምንለው ይህ ነው። የደከመ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል። ሕጉ በአዘቦት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አርብና ቅዳሜ እስከ 9 ሰዓት መሸጥ ይፈቅዳል፤ ውሉ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ዝጋ ሊል ይችላል። ሙዚቃ የሚያስጫውት ቤት ከፈቃዱ በተጨማሪ የመዝናኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ውሉ ያንን እንዳይጠይቅ ሊከለክለው ይችላል። ማሲንቆ ይዞ አርብ ማታ የሚመጣው አዝማሪ በዚህ በኩል ይቀራል።

የከተማው የመጠጥ ፈቃድ ቦርድ ያጸደቀው ውል ከፈቃዱ ጋር ይኖራል። ፈቃዱ ሲታደስ አብሮ ይቀጥላል። ቤቱ ሲሸጥ ከፈቃዱ ጋር ለገዢው ይተላለፋል። አንደኛው ወገን ብቻውን ላሻሽለው ወይም ላስቀረው ቢል፣ ቦርዱ ካጸደቀው 4 ዓመት አልፎ የእድሳት ጊዜ ሲደርስ ነው ማመልከት የሚችለው። ኮሚሽነሩ በ2 ዓመቱ ይሄዳል፤ ያስፈረመው ገጽ ግን እሱን የማያውቁ ሰዎችን ሥራ ሲገዛ ይኖራል። ባር ገዝተው፣ ቀለም ቀብተው፣ የድምፅ መሣሪያ ካስገቡ በኋላ «ሙዚቃ ክልክል ነው» የሚል የድሮ ወረቀት የሚያገኙ ወገኖች ቢሮዬ ሲመጡ ሐዘናቸው ያመኛል። ያንን አንቀጽ ያስገባውን ኮሚሽነር በምርጫው ወቅት ስለ ጩኸት ምን ታስባለህ ብሎ የጠየቀው ሰው ብዙ ጊዜ የለም።

ስለዚህ አቋሙ ዝርዝር የሆነን ዕጩ እመርጣለሁ፤ ከእኔ ጋር ባይስማማም እንኳ። በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ በተደረገ አንድ የዕጩዎች ምሽት ላይ ሁለት ሰዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አንደኛው እንጀራ እንደሚወድ፣ ትናንሽ ንግዶችን እንደሚደግፍ፣ የሰፈሩ ስብጥር እንደሚያኮራው ተናገረ፤ ወገኖቼ አጨበጨቡለት። ሌላዋ ሴትዮ ሌሊት ተጨማሪ ባር እንደማትፈልግ ፊት ለፊት ተናገረች። ቀጥላም ለምን እንደሆነ አብራራች፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መስኮት ተከፍቶ ሙዚቃ እንዳይሰማ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ክዳን እንዲኖረውና አይጥ እንዳይጠራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባር ሲዘጋ ባዶ ጠርሙስ ገንዳ ውስጥ እየተገለበጠ ልጆች እንዳይቀሰቅስ። እኔ በሙያዬ ልሠራበት የምችለው የሴትዮዋን ንግግር ነበር። ጠርሙሱን ውስጥ አሳድሮ ጠዋት መጣል ባለቤቱን ምንም አያስከፍለውም። መስኮት መዝጋትም እንዲሁ። ሦስቱንም አስቀድሞ በማመልከቻው ላይ የጻፈ ባለቤት ከእሷ ጋር ለመስማማት ብዙ አይቸገርም፤ የመዝጊያ ሰዓቱንም ማሲንቆውንም ይዞ ይወጣል። ያኛው እንጀራ ወዳጅ ጎረቤቶች ተሰብስበው ሲጮኹበት ወዴት እንደሚያጋድል ግን ማንም አያውቅም፤ ከየትኛው ነጥብ ወዲያ እምቢ እንደሚል አልነገረንማ።

አቋም ክብደት እንዳለው የተጠራጠረ የ2013ን ነገር ያስታውስ። በ14ኛ ጎዳናና በዩ ስትሪት አካባቢ አንድ የነዋሪዎች ማኅበር አዲስ የመጠጥ ፈቃድ መስጠት እንዲቆም ቦርዱን ጠየቀ። ጥያቄው ሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበትን የ9ኛ ጎዳና ሰፈር የሚነካ ነበር። የአካባቢው ኮሚሽኖች ግን ተቃወሙት፤ ቦርዱም ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀረ። በዚያ ዓመት በኮሚሽኖቹ ወንበር የተቀመጡት ሌሎች ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ እዚያ አካባቢ የተከፈቱ ቤቶች ዕጣ ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ትልቁ ችግር ብዙው ባለቤት ንግዱ ካለበት ቀጣና አለመኖሩ ነው። ምግብ ቤቱ ዲሲ፣ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ። ድምፅ የለውም። ነገር ግን ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ተነሥቶ ለመጠየቅ የመራጭነት ካርድ አያስፈልግም። ደግሞም በየሰፈሩ የሚኖሩ አስተናጋጆች፣ የወጥ ቤት ሠራተኞች፣ ታክሲ ነጂዎች፣ የዘወትር ደንበኞች አሉን። አንድ ቀጣና በጥቂት መቶ ድምፅ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይወሰናል። የከተማው የቋንቋ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አማርኛን የሚያካትት ስለሆነ የምርጫ መረጃ በአማርኛ ይገኛል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ዜግነት ያላገኙ ነዋሪዎችም በከተማው ምርጫዎች፣ የኤ.ኤን.ሲ.ን ጨምሮ፣ እንዲመርጡ ተፈቅዷል። በዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ግሪን ካርድ ወይም ጥገኝነት የያዘ፣ ዜግነት የሚጠባበቅ ሰው ከኢሚግሬሽን ጠበቃው ጋር ሳይመክር አይመዝገብ። የፌዴራል ምርጫ ሕግ ሌላ ነው፤ ቅጽ ላይ የሚፈጸም ስሕተት የሰው ኑሮ ሊያፈርስ ይችላል።

አሁን ደንበኞቼ ወረቀቱን ሲያመጡልኝ «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» አልላቸውም። የዕጩዎቹ ምሽት የት እንደሆነ ነግሬ ጥያቄ አስይዤ እልካቸዋለሁ። የአንድን ቤት ማመልከቻ ስትቃወም አስቀድመህ ባለቤቱን ታነጋግራለህ ወይስ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ነው የምንሰማህ? የአዝማሪ ምሽት ለምትፈልግ ትንሽ ቤት የመዝናኛ ፈቃድ ትደግፋለህ? በምን ሁኔታ? ባለፉት ኮሚሽነሮች ዘመን የተፈረመ፣ ዛሬ ምክንያቱ የጠፋ ውል እንዲሻሻል ባለቤቱ ቢጠይቅ፣ በኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ አቅርበህ ድምፅ ታሰጥበታለህ? መልሱን በኢሜይል እንዲልክላቸውም ይጠይቁት። እምቢ ያለ ዕጩ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለገዢዎች ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። ባር ወይም ምግብ ቤት ለመግዛት ስትነጋገሩ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት በፈቃዱ ላይ የተያያዘ ውል ካለ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ አስወጡ። መቼ እንደጸደቀ ቀኑን ተመልከቱ። 4 ዓመት ካለፈው፣ የሚቀጥለው እድሳት መቼ እንደሆነና ያን ጊዜ በቀጣናው ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ከሻጩ ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ አስቡበት።