ፀሐይ የምትሰጠን ቫይታሚን ለምን አይበዛብንም?

ልጆቻቸውን ለክትባት ይዘው የሚመጡ እናቶችና አባቶች ስለ ፀሐይ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ያነሳሉ። አንዳንዶቹ «ሕፃኑን በየቀኑ ፀሐይ ባሞቀው ቫይታሚኑ አይበዛበትም ወይ?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ከፋርማሲ የገዛሁትን ጠብታ ጨመር አድርጌ ብሰጠው ምን ይጎዳዋል? ቫይታሚን አይደለም እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሁለቱም መልስ የሚገኘው ሰውነታችን ቫይታሚን ዲን በሚሠራበትና በሚመጥንበት መንገድ ውስጥ ነው።

ቫይታሚን ዲ ምን ይጠቅማል?

ቫይታሚን ዲ በምንበላው ምግብ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ፎስፈረስ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገቡ ይረዳል። ሲጎድል የሕፃኑ አጥንት አይጠነክርም። እግሩ ይንሻፈፋል፣ የእጁ አንጓ ያብጣል፣ መቀመጥና መራመድ ይዘገይበታል፣ ርግብግቢቱም በጊዜው አይገጥምም። ይህ በሽታ ሪኬትስ ይባላል።

ጉዳቱ በአጥንት ብቻ አይወሰንም። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ ሪኬትስ ከሌሎቹ ሕፃናት 13 እጥፍ ያህል በልጦ መገኘቱን አሳይቷል። የጎድን አጥንቱ የላላና ጡንቻው የደከመ ሕፃን በደንብ መተንፈስና አክታውን ማስወጣት ይቸግረዋል።

የመጀመሪያው ልጓም፦ ቆዳ

በቆዳችን ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ ቅባት መሰል ንጥረ ነገር አለ። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ሲያርፍበት ይህ ንጥረ ነገር ወደ ቅድመ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚሠራው የሰውነት ሙቀት ነው። ቅድመ ቫይታሚኑ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ቫይታሚን ዲ ሆኖ ወደ ደም ይገባል።

ሰውየው ፀሐይ ላይ መቆየቱን ከቀጠለ ግን ያው ጨረር የሠራውን መልሶ ያፈርሳል። ቅድመ ቫይታሚኑን ሉሚስቴሮልና ታኪስቴሮል ወደተባሉ፣ የቫይታሚንነት ሥራ ወደሌላቸው ነገሮች ይለውጠዋል። ወደ ደም ሳይገባ ቆዳ ውስጥ የቆየውም ቫይታሚን ዲ በጨረሩ ይበላሻል። ገንቦ ከሞላ በኋላ ውኃ ቢጨመርበት እንደሚፈስ ሁሉ፣ ቆዳም ከልኩ በላይ አይዝም።

ማይክል ሆሊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ በምድር ወገብ እንዳለው ዓይነት ብርሃን በሰው ቆዳ ላይ ሞክረዋል። ቅድመ ቫይታሚኑ ከመነሻው ንጥረ ነገር ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ አልጨመረም። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሉሚስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የቆዳ ጥቁረት ቫይታሚኑ እንዳይበዛ የሚከላከል ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የ1981ው ጥናት ግን ጥቁር ቆዳ ወደ ልኩ ለመድረስ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድ፣ ልኩ ግን ለነጭም ለጥቁርም ተመሳሳይ እንደሆነ አመለከተ።

እንግዲህ ከፀሐይ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ ጤናማ ሰውን አይመርዝም። በሌላ በኩል ፀሐይ ላይ ረጅም ሰዓት መቆየት ተጨማሪ ቫይታሚን አያስገኝም፤ ትርፉ የቆዳ መቃጠል ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ልጓም

ቫይታሚን ዲ ከቆዳም ይምጣ ከምግብ፣ እንዳለ ሥራ ላይ አይውልም። መጀመሪያ ጉበት ለውጦ ያስቀምጠዋል፤ በደም ምርመራ የሚለካውም ይኸው ነው። ከዚያ ኩላሊት የመጨረሻውን ለውጥ አድርጎ ሥራ የሚሠራ ሆርሞን ያደርገዋል። ኩላሊት ይህን የሚያደርገው ታዝዞ ነው። በደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ አንገታችን ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የተባሉ ትናንሽ ዕጢዎች «ሥራ» የሚል መልእክት ይልካሉ። ካልሲየም ሲበቃ መልእክቱ ይቀንሳል፣ ኩላሊትም ሥራውን ያቀዘቅዛል። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ ከወትሮው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጨምራል፤ ለፅንሱ አጥንት ካልሲየም ያስፈልጋልና።

ሦስተኛው ልጓም የተረፈውን ቫይታሚን የሚያፈርስ ኢንዛይም ነው። የዚህን ጥቅም ዓለም የተማረው በሕፃናት ላይ በደረሰ ጉዳት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሪኬትስን ለማጥፋት ሲባል በሕፃናት ወተትና ምግብ ውስጥ ቫይታሚን ዲ በብዛት ይጨመር ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ ሕፃናት ያስታውካቸው፣ ይከሱና ሆዳቸው ይደርቅ ጀመር፤ ደማቸው ሲመረመርም ካልሲየም በዝቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1957 የሚጨመረው መጠን እንዲቀነስ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሕመም ከሚደርስባቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ ይህ ኢንዛይም ከትውልድ የማይሠራላቸው መሆኑን አሳየ።

በአፍ የሚወሰደው ለምን ይለያል?

ጠብታውና እንክብሉ በቆዳ አያልፉም። ስለዚህ የመጀመሪያውና ጠንካራው ልጓም አያግዳቸውም። ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም በየቀኑ የሚጨመረው ትርፍ ለወራት ሊከማች ይችላል። ሲበዛ ማቅለሽለሽ፣ የውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ የሆድ ድርቀትና የኩላሊት ጉዳት ያስከትላል።

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት፣ ለአዋቂ ሰው እስከ 70 ዓመት ዕድሜ፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናትን ጨምሮ፣ 600 ዩኒት ይበቃል ብሏል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ እስከ ስድስት ወር ላለ ሕፃን 1,000፣ ለአዋቂ 4,000 ዩኒት ነው። በአንዳንድ ጠርሙስ 400ው ዩኒት ያለው በአንዲት ጠብታ ነው፤ በሌላው ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ነው። ሁለቱን ማምታታት ሕፃኑን ከልኩ ብዙ እጥፍ ያስውጠዋል።

ፀሐይ ሞልቶ ለምን ይጎድላል?

በአዳማ አካባቢ በተማሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ከከተማ ልጆች 61.8 በመቶው፣ ከገጠር ልጆች ደግሞ 21.2 በመቶው የቫይታሚን ዲ እጥረት ተገኝቶባቸዋል። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የሚለየው አኗኗሩ ነው። የከተማ ልጅ ቀኑን በቤትና በክፍል ውስጥ ያሳልፋል። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን እንጂ የሚያስፈልገውን ጨረር አያሳልፍም። ተሸፋፍኖ መሞቅም እንዲሁ ነው።

እናቲቱ ከጎደላት ልጁም ይጎድልበታል። ሕፃኑ ሲወለድ የሚይዘው ስንቅ ከእርሷ ያገኘውን ነው፤ የጡት ወተት ደግሞ ለሁሉ ነገር የሚበቃ ቢሆንም ቫይታሚን ዲ በብዛት የለውም። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት እጥረቱ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ እንደሚብስ ገልጿል። ልጅን አራርቆ መውለድ ለእናት ሰውነት ጊዜ ይሰጣል የምንለው ስለዚህም ጭምር ነው።

ኤስትሮጂን ያለበት የእርግዝና መከላከያ የምትወስድ ሴት በደሟ የሚለካው ቫይታሚን ዲ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በጥቁር ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ልዩነቱ 20 በመቶ ያህል መሆኑንና መከላከያው ሲቆም እንደሚወርድ አሳይቷል። ስለዚህ ለመውለድ አስባችሁ መከላከያውን ስታቆሙ ጉዳዩን ለጤና ባለሙያው ማንሳት ጥሩ ነው።

ባልና ሚስት ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ሕፃኑን ፀሐይዋ ከፍ ማለት ስትጀምር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ በውጭ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁት። እጅና እግሩ ይገለጥ፤ ዓይኑ ከፀሐይ ይከለል። ቆዳው እስኪቀላ አትጠብቁ። ምን ያህል ደቂቃ እንደሚበቃው ባለሙያውን ጠይቁ።

• ከሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመሞቅ በየቀኑ ጥቂት መሞቅ ይሻላል። ቆዳ በአንድ ጊዜ ከልኩ በላይ አይሠራም።

• ነፍሰ ጡሯና አራሷም ከቤት ወጣ ይበሉ። አባት ሕፃኑን ወይም የቤቱን ሥራ ቢይዝ ለዚህ ጊዜ ይገኛል።

• ጠብታ ከታዘዘ፣ ስንት ጠብታ እንደሆነ አስጽፉ፤ ጠርሙሱ ሲቀየር እንደገና ጠይቁ። «ትንሽ ልጨምርለት» አይባል።

• ቆዳቸው ሜላኒን የሌለው ልጆች ፀሐይ አይሙቁ፤ ቶሎ ይቃጠላሉ። እነርሱ የሚያስፈልጋቸውን ሐኪም ይወስን።

• የልጁ እግር ከተንሻፈፈ፣ መራመድ ከዘገየ ወይም ሳንባ ምች ከተመላለሰበት ሳትቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሪኬትስ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

የፀሐዩን ልክ ቆዳችን ራሱ ይጠብቃል። የጠርሙሱን ልክ መጠበቅ ግን የወላጆች ሥራ ነው።