ትዳር ሲፈርስ ማሽካንታው አይፈርስም

ለመለያየት የወሰኑ ወላጆች ስለ ቤት ዕዳና ስለ ልጆች ቀለብ ሊያውቁት የሚገባ

ባልና ሚስት ሲለያዩ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። ባል «የቤቱን ዕዳ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ከዚህ ሌላ ለልጆች ብላችሁ ምን ትጠይቁኛላችሁ?» ይላል። ሚስት ደግሞ «ቤቱን ትቼለት ወጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ባንኩ ከእሱ ጋር ይነጋገር» ትላለች። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። ነገር ግን ሁለቱም አነጋገሮች በእስራኤል ሕግ ፊት አይጸኑም። ይህን ባለማወቅ ቤተሰቡ ሳያስበው ከዕዳ ላይ ዕዳ ይጨምራል።

በኢትዮጵያ ገጠር ባልና ሚስት ሲጣሉ ጉዳዩ በሽማግሌዎች ፊት ይቀርብ ነበር። ከብቱ፣ እህሉና የቤቱ ዕቃ ተቆጥሮ ይካፈላል፤ የሽማግሌዎቹ ቃል ይከበራል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እዚህ አገር ግን ቤት ሲገዛ ሦስተኛ ወገን ይገባበታል፤ እሱም ባንኩ ነው። ባንኩ ሽምግልናው ላይ ስላልተቀመጠ የሽማግሌዎቹ ቃል አያስረውም። ሽምግልና ጠብን ለማብረድ ዛሬም ትልቅ ጥቅም አለው። ሆኖም ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ በፍርድ ቤት መጽደቅ ይኖርበታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር በመለያየት ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሂሳቦች መኖራቸው ነው። አንደኛው ከባንኩ ጋር፣ ሁለተኛው በባልና በሚስት መካከል፣ ሦስተኛው የልጆቹ ሂሳብ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እነዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ነው።

ከባንኩ ጋር ያለው ሂሳብ

ማሽካንታ ቤቱን መያዣ አድርጎ የሚወሰድ የረጅም ዘመን ብድር ነው። ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት በአንድነት ይፈርሙበታል። ሁለት ሰዎች ሲፈርሙ እያንዳንዳቸው የሚጠየቁት ለዕዳው ግማሽ ብቻ ሳይሆን ለሙሉው ነው። ስለዚህ አንደኛው ከቤት ቢወጣም፣ ጌት ተሰጥቶ ፍቺው ቢፈጸምም፣ ክፍያው ከተቋረጠ ባንኩ ገንዘብ ያለውን ፈልጎ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚሠራው የእስራኤል ባንክ የብድር መረጃ መዝገብም የተጓደለ ክፍያን ስለሚይዝ ወደፊት ሌላ ብድር ለመውሰድ እንቅፋት ይሆናል።

በፍቺ ስምምነት ላይ «ማሽካንታውን ባል ይከፍላል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ባልና ሚስቱን ያስራል እንጂ ባንኩን አያስርም። ባል ካልከፈለ ባንኩ ወደ ሚስት ይመጣል፤ እሷም ከፍላ በኋላ ባልን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይኖርባታል። ከዕዳው በእውነት ነፃ የሚሆን ሰው ባንኩ ራሱ በጽሑፍ ስሙን ያወጣለት ብቻ ነው።

ባንኩ አንዱን ስም ከማውጣቱ በፊት የሚቀረው ሰው ብቻውን መክፈል መቻሉን ይመረምራል። የእስራኤል ባንክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት ወርሃዊ የማሽካንታ ክፍያ ከገቢ ግማሽ መብለጥ የለበትም። እንደ ልጅ ቀለብ ያሉ ቋሚ ክፍያዎችም ከገቢው ላይ ይቀነሳሉ።

በምሳሌ እንየው። ባል በወር 9,000 ሼቄል፣ ሚስት 6,000 ሼቄል በእጃቸው ያገኛሉ እንበል። የማሽካንታው ክፍያ በወር 3,400 ሼቄል ነው። ሚስት ከልጆቹ ጋር በቤቱ ለመቅረትና ዕዳውን ብቻዋን ለመውሰድ ብትፈልግ፣ የገቢዋ ግማሽ 3,000 ስለሆነ ባንኩ እንዳለ አይቀበላትም። የብድሩ ዘመን ተራዝሞ ወርሃዊ ክፍያው እንዲቀንስ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ዘመኑ ሲረዝም ጠቅላላው ወለድ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የወለድ መጠን ከፍ ካለ በኋላ በፕራይም የተያዙ ብድሮች ክፍያ ምን ያህል እንደጨመረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። ስለዚህ «ቤቱን እኔ እወስዳለሁ» ከማለት በፊት ባንክ ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

ከኢትዮጵያ ለመጡ ዖሊም ከመንግሥት በተሰጠ ማሽካንታ ውስጥ ማዕናቅ፣ ማለትም የእርዳታ ገንዘብ፣ የሚገኝበት አለ። ማዕናቁ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ስለሚችል ቤቱ ከመሸጡ ወይም ወደ አንዱ ስም ከመዛወሩ በፊት የሚመለስ ገንዘብ እንዳለና እንደሌለ ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

በባልና በሚስት መካከል ያለው ሂሳብ

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የባልና ሚስት የንብረት ሕግ በጋብቻ ዘመን የተገኘ ሀብት እኩል እንዲካፈል ያዛል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ እንዲሁም በስጦታ ወይም በውርስ የተገኘ ከክፍፍሉ ውጭ ነው። ደመወዝ ያመጣው ባል ብቻ ቢሆንና ሚስት ልጆች ስታሳድግ ቤት ብትውልም ድርሻዋ አይቀንስም።

የምሳሌያችን ቤት 1,400,000 ሼቄል ቢያወጣና 500,000 ዕዳ ቢቀርበት፣ የሚካፈለው 900,000 ነው፤ ለእያንዳንዱ 450,000 ይደርሰዋል። ከዚህ በኋላ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቤቱን ሸጦ ዕዳውን ከፍሎ የተረፈውን መካፈል ነው። ሁለተኛው አንዱ የሌላውን ድርሻ መግዛት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው 500,000 ዕዳ ተቀብሎ ሌላ 450,000 መፈለግ ይኖርበታል። ሦስተኛው ልጆቹ እስኪያድጉ ቤቱን በሁለቱም ስም አቆይቶ ዕዳውን በጋራ መክፈል ነው። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ለብዙ ዓመት በአንድ ዕዳ አስሮ ያቆያል።

ካልተስማሙ ከሁለቱ ማንኛውም የጋራ ባለቤትነቱ እንዲፈርስና ቤቱ እንዲሸጥ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የሚኖሩ ከሆነ፣ ለልጆቹና ለሚያሳድጋቸው ወላጅ የሚስማማ ሌላ መኖሪያ መኖሩን ፍርድ ቤቱ ሳያረጋግጥ ሽያጩ አይፈጸምም። ስለዚህ «ነገ ቤቱን እሸጠዋለሁ፤ ሜዳ ላይ ትወድቃላችሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ሊያስደነግጥ አይገባም።

አንደኛው በአንደኛው ስም ሲያዛውር ዝውውሩ በፍቺ ሂደት በተሰጠ ፍርድ ከሆነ እንደ ሽያጭ ተቆጥሮ ግብር አይጠየቅበትም። ያለ ፍርድ ቤት በቃል የተደረገ ዝውውር ግን ይህ ጥቅም የለውም፤ በታቡም፣ ማለትም በመሬት መዝገብ፣ አይመዘገብም።

ከተለያዩበት ቀን ጀምሮ ማሽካንታውን ብቻውን የከፈለ ሰው ደረሰኞቹን ሁሉ ያስቀምጥ። ስለ ሌላው ድርሻ የከፈለውን ንብረቱ ሲካፈል መጠየቅ ይችላል። የባል ጥያቄ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ከልጆቹ ቀለብ ላይ ግን በገዛ ፈቃዱ ሊቀንሰው አይችልም።

የልጆቹ ሂሳብ

መዞኖት የሚባለው የልጆች ቀለብ የልጆቹ መብት ነው። ለሚስት የሚሰጥ ደመወዝ አይደለም፤ ከባል ላይ የሚወሰድ ቅጣትም አይደለም። ወላጆች ስለ መዞኖት ቢስማሙም ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም መጠበቁን ፍርድ ቤት ማየት አለበት። እናት «ቤቱን ከለቀቀልኝ ለልጆቹ ምንም አልጠይቅም» ብላ ብትፈርም እንኳ የልጆቹ መብት በዚያ አይጠፋም።

ለአይሁድ ወላጆች ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አስፈላጊ ፍላጎት በመሠረቱ በአባት ላይ ነው። ከ6 ዓመት በላይ ላሉት ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሰጠው ውሳኔ እናትና አባት እኩል ኃላፊነት አለባቸው፤ እያንዳንዱ የሚከፍለው እንደ ገቢውና ልጆቹ ከማን ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ልጆቹ የ8 እና የ12 ዓመት ናቸው፤ ከመኖሪያ ውጭ በወር 4,000 ሼቄል ያስፈልጋቸዋል እንበል። ከጠቅላላው 15,000 ገቢ የአባት 60 ከመቶ፣ የእናት 40 ከመቶ ነው፤ ስለዚህ የአባት ድርሻ 2,400፣ የእናት 1,600 ይሆናል። ልጆቹ በአብዛኛው ከእናት ጋር ከሆኑ የአባት ገንዘብ በእጇ ይገባል። ጊዜውን እኩል ከተካፈሉ ሁለቱም በየቤታቸው ስለሚያወጡ የሚተላለፈው ገንዘብ ያንሳል። ይህ አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ዳኛው የእያንዳንዱን ቤተሰብ ሂሳብ ለየብቻ ያያል።

የልጆች መኖሪያም ከፍላጎታቸው አንዱ ስለሆነ፣ ዳኛው መዞኖት ሲወስን ማሽካንታውን ማን እንደሚከፍል ይመለከታል። ነገር ግን ይህን የሚያሰላው ዳኛው ነው። በፍርድ 2,400 የተወሰነበት አባት «ባንኩን ከፍያለሁ» ብሎ ራሱ 1,000 ቢቀንስ በየወሩ 1,000 ሼቄል ዕዳ ይከማችበታል። ሥራ ያጣ ወይም የታመመ አባትም ቶሎ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲቀነስለት ይጠይቅ እንጂ ዝም ብሎ አያቋርጥ። እናትም «አልከፈለም» ብላ ልጆቹን ከአባታቸው አትከልክል።

መዞኖት የማይከፈላት እናት ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ሆጻአ ላፖአል የሚባለው የፍርድ ማስፈጸሚያ ቢሮ ነው፤ ደመወዝ ሊያስይዝ፣ ከአገር መውጣትን ሊከለክል፣ የመዞኖት ዕዳ ስለሆነም እስከ እስር ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው ቢቱዋህ ሌኡሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ሕግ መሠረት ፍርድ በእጇ ላለና ገቢዋ ዝቅተኛ ለሆነ እናት ከተወሰነ መጠን ሳያልፍ ይከፍላትና ከአባት ራሱ ያስከፍላል። በሁለቱም መንገድ በአንድ ጊዜ መሄድ ስለማይቻል አስቀድሞ መመካከር ይበጃል።

አሁን ሂሳቡን አንድ ላይ እናስቀምጠው። አባት 2,400 መዞኖት፣ የማሽካንታውን ግማሽ 1,700፣ ለአዲስ ቤቱ ኪራይ 2,800 ቢከፍል ከ9,000 የሚተርፈው 2,100 ብቻ ነው። እናት ከ6,000 ደመወዟና ከ2,400 መዞኖት ላይ 1,700 ለባንክ ከፍላ 6,700 ይቀራታል፤ ከዚህም 4,000 ለልጆቹ ሲወጣ ለራሷ የሚተርፋት 2,700 ነው። አንድ ቤት ያኖር የነበረ ገንዘብ ሁለት ቤት ሲያኖር ለሁለቱም ይጠብባል። ስለ ቤቱ ውሳኔ ቶሎ መሰጠት ያለበት ለዚህ ነው።

ከየት ይጀመራል?

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ሰው ክስ ከመመሥረቱ በፊት የቤተሰብ ጠብን ለማስማማት ማመልከቻ ያስገባል። ከዚያ ባልና ሚስት ወደ የሂዳት ሲዩዓ፣ ማለትም ወደ ፍርድ ቤቱ የእርዳታ ክፍል ይጠራሉ። እስከ አራት ስብሰባ ያለ ክፍያ ይደረጋል፤ ወደ መጀመሪያው መቅረብ ግዴታ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ከቀጠሮው ቀን በፊት ያሳውቁ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው ሲዩዓ ሚሽፓቲ ማመልከት ይችላል።

ሲሄዱ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ ከባንኩ የቀሪ ዕዳ ማስረጃ፣ የታቡ ወረቀትና የልጆቹን ወጪ የሚያሳዩ ደረሰኞች ይያዙ።

በመጨረሻም ስለ አንድ ልማድ ማንሳት ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ዕብራይስጥ የሚያነበው ልጅ ነው፤ የባንክ ደብዳቤም ሲመጣ ለእሱ ይሰጣል። የፍቺ ስምምነት፣ የመዞኖት ክስ፣ የሆጻአ ላፖአል ማስጠንቀቂያ ግን ለልጅ የሚሰጥ ወረቀት አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ አባቱ በእናቱ ላይ የጻፈውን፣ ወይም እናቱ ከአባቱ የጠየቀችውን እያነበበ መተርጎም የለበትም። ወረቀቱን የሚያምኑት ትልቅ ሰው፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም ጠበቃ ያንብብልዎ። የማይገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ። ዳኛው ስምምነቱን ከማጽደቁ በፊት ሁለቱም በፈቃዳቸውና ገብቷቸው መፈረማቸውን መጠየቅ አለበት። ያን ጊዜ «አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም፤ ሕግ የሰጠዎት መብት ነው።