ኳሷን የማይነካው ምት

በጎልፍ ጥሩ ተመታ የሚባለው ዱላው ኳሷን አጥርቶ ሲያገኛት ነው። ከግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር፣ ዳር ካለ ባንከር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባንከር ሆን ተብሎ ተቆፍሮ አሸዋ የተሞላ ወጥመድ ነው፤ እዚያ የገባችን ኳስ የሚያወጣት ከሥሯ ተፈንቅሎ የሚነሳው አሸዋ ነው። ዱላው በቀጥታ ኳሷን ካገኛት ምቱ ተበላሸ ማለት ነው።

ጀማሪ ይህን ማመን ያቅተዋል። ኳሷን ከሥር ዝቆ ሊያነሳት ይታገላል። ያን ጊዜ ወይ ዱላው አሸዋው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ ወይ የዱላው ጠርዝ ወገቧን ይመታትና ግሪኑን ተሻግራ ትከንፋለች። ባንከር ባለሙያንም አያከብርም። እ.ኤ.አ. በ1978 በሴንት አንድሩስ በተካሄደው የብሪታንያ ኦፕን፣ ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ በ17ኛው ግሪን ላይ የገፋት ኳስ ተንከባልላ ባንከር ገባች። ለማውጣት 4 ምት ፈጀበት፤ በ4 ምት ሊያልቅ የሚገባውን ጉድጓድ በ9 ጨረሰው።

መላው የተገኘው ከዱላው ብረት ነው። የድሮዎቹ ዱላዎች ከሥራቸው ስስ ስለነበሩ አሸዋ ውስጥ ይሰጥማሉ። አሜሪካዊው ጂን ሳራዜን፣ እሱ ራሱ እንደተረከው፣ አውሮፕላን ማብረር ሲማር የጭራው ክፍል ዝቅ ሲል አፍንጫው ቀና እንደሚል አስተዋለ። ከዚያም በዱላው ሥር ከኋላ በኩል ብረት በየደ። እ.ኤ.አ. በ1932 በፕሪንስስ ሜዳ የብሪታንያ ኦፕንን ሲያሸንፍ ይህ ዱላ ከእጁ ነበር። ቀደም ሲል ፊቱ የጎደጎደ ዱላ ታግዶ ስለነበር ይህኛውም እንዳይከለከልበት ደብቆት እንደነበር ተናግሯል።

ዛሬ ሳንድ ዌጅ የምንለው ይህንኑ ነው። ከሥሩ ወደ ታች ወረድ ያለው ሆዱ ባውንስ ይባላል። ማዕዘኑ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ይሆናል። ሆዱ አሸዋውን ሲያገኝ ጠልቆ ከመግባት ይልቅ ተንሸራቶ ይወጣል። እንግዲህ የባንከር ስልት የሚባለው ሁሉ ለዚህ ሆድ መንገድ መክፈት ነው።

ቀኝ መቺ የሆነ ተጫዋች መጀመሪያ የዱላውን ፊት ወደ ሰማይ ከፈት ያደርጋል፣ ከዚያ በኋላ ይጨብጠዋል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤ ጨብጦ እጁን ቢጠመዝዝ ፊቱ ሲመታ ተመልሶ ይዘጋልና። እግሩን አሸዋው ውስጥ ትንሽ ይቀብራል፤ ኳሷን ወደ ግራ ተረከዙ ያስጠጋል፤ ክብደቱንም ወደ ግራ እግሩ ጣል አድርጎ እዚያው ያቆየዋል። ዓይኑ ከኳሷ ኋላ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለ ቦታ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ መፍራት የለም። አሸዋ ጉልበት ይበላል፤ መሃል ላይ የሚያመነታ ክንድ ኳሷን እዚያው ይተዋታል።

አሸዋው እርጥብና ጠጣር ከሆነ ባውንሱ ራሱ ጠላት ይሆናል፤ ስለሚነጥር ፊቱን ብዙ አለመክፈት ይሻላል። ኳሷ ግማሽ አካሏ ተቀብሮ ከሆነም ፊቱ ተዘግቶ ስለቱ መቆፈር አለበት። ወጥታ ብዙ እንደምትንከባለል ግን ቀድሞ ማወቅ ነው።

ለልምምድ ኳስ አያስፈልግም። አሸዋው ላይ መስመር አስምሮ፣ ዱላው ሁልጊዜ መስመሩ ላይ እንዲያርፍ መደጋገም ይበቃል። በውድድር ግን መስመር ማስመር ቀርቶ ከምቱ በፊት ዱላን ከኳሷ ኋላ አሸዋው ላይ ማሳረፍ ቅጣት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ዱስቲን ጆንሰን የቆመበት ቦታ ባንከር መሆኑን ሳያውቅ ዱላውን አሳርፎ 2 ምት ተቀጣ፤ ለዋንጫው ከሚለየው ተጨማሪ ጨዋታም ውጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ሕጉ ለተቸገረ መውጫ ሰጥቷል፦ 2 ምት ተቀጥቶ ኳሷን ከባንከሩ ውጭ ከኋላ መጣል ይቻላል። ግድግዳው ከሰው ቁመት ሊደርስ በተቃረበ ባንከር ውስጥ ለቆመ ጀማሪ ይህ ርካሽ ዋጋ ነው።